ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ስትገዙ ወለሏን ግለጡ

ሥራዬ የሰርግ ዲኮር ነው። ለገጣፎ ተቀምጬ ከአያት እስከ ሰንዳፋ ባለው መስመር ድንኳን ሳለብስ፣ ወንበር ሳስጌጥ፣ አበባ ስደረድር ዓመታት ሄደዋል። ሙሽሮች ሳይጠይቁኝ የማያልፉት ነገር አንድ ነበር፤ «ክፍት መኪና ታገኚልናለሽ?» ከሰው እየተከራየሁ ሳቀርብ ኖርኩና አንድ ጥር ላይ ለኪራይ ያወጣሁትን ብደምረው የመኪና ዋጋ ሩብ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ታዲያ ለምን የራሴን አልገዛም አልኩ። ገዛሁም። ባለሁለት በር፣ ነጭ፣ የብረት ጣሪያዋ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ታጥፎ የኋላ ኮፈን ውስጥ የሚገባ።

በአምስተኛው ሰርግ፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ሾፌሩ ጣሪያውን ሊዘጋ ቁልፉን ተጫነ። ጣሪያው ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ደረሰና ቆመ። አይመለስ፣ አይሄድ። እንደ አዞ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ዝናቡ መጣ። አራት ሚዜዎች ኮታቸውን አውልቀው ከግራና ከቀኝ ሲገፉ የጣሪያው አንዱ ክንድ ተጣመመ። ሙሽራዋን የድንኳን ሸራ አልብሰን ወደ አንድ እንግዳ ቪትዝ አሻገርናት። የቬሎዋ ጫፍ ጭቃ ነክቶ ነበር። እናቷ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። የዲኮሩን ቀሪ ክፍያ አልጠየቅሁም፤ በምን አፌ?

ያቺን መኪና ጉዷን ሁሉ ተናግሬ በኪሳራ ሸጥኳት። መስከረም ጠብቶ ጥር ሲቃረብ ግን እንደገና ፍለጋ ወጣሁ፤ በዚህኛው ጊዜ አጎቴን ይዤ። አጎቴ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ክፍት መኪና ልገዛ ነውና አብረውኝ ይሂዱ» ስላቸው ሳቁብኝ። «ጣሪያ የጎደለው ነገር ዋጋው የሚወደደው በየትኛው አገር ነው?» አሉኝ። ቀጥለው የጫማ ካርቶን አምጪ አሉ። ክዳኑን ገጥመው «በሁለት እጅሽ ይዘሽ እንደ ልብስ ጨምቂው» አሉኝ። እምቢ አለ። ክዳኑን አንሥተው መልሰው ሰጡኝ፤ ገና ስነካው ተጣመመ። «መኪናም እንደዚሁ ናት። ጣሪያዋ ከተነሣ ሸክሙ በሙሉ ወለሏ ላይና ከበሮቿ ሥር ባሉት ሁለት አግዳሚ ብረቶች ላይ ይወድቃል። አንቺ ያንጊዜ ስትገዢ ላይ ላዩን አየሽ። አሁን ታች ታቹን እንይ።»

መጀመሪያ የሄድነው ሰበታ ነው። ደላላው በስልክ «ባለአራት በር ክፍት» ሲለኝ ልቤ ዘሎ ነበር፤ ቬሎ ለለበሰች ሴት አራት በር ማለት ትልቅ ነገር ነው። ስንደርስ አጎቴ ገና ከግቢው በር ላይ ቆሙና «ይቺን ፋብሪካ አልከፈታትም» አሉ። እውነት ነው፤ ተራ የቤት አውቶሞቢል ናት። ጣሪያዋን ግራይንደር ቆርጦታል፤ የቆረጠበት ጠርዝ በስቱኮ ተለስኖ ላዩ በጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ተሸፍኗል። ለባለሙያ ካልሆነ ደግሞ ታምራለች፤ ይህን ልክድ አልችልም።

አጎቴ ምንም አልተከራከሩም። ሻጩን፣ ደላላውን፣ እኔንና የሻጩን ልጅ ውስጥ አስገብተው በሮቹን ዘጉብን። ከዚያ ከውጭ የኋላውን በር ሊከፍቱ ሞከሩ። ነከሰ። ሰው ሲጫንባት መሐሏ ወደ ታች ይለምጣል፤ የበሩ ክፍተት ይጠብባል፤ በሩም በፍሬሙ ይያዛል። ደላላው ከውስጥ ሆኖ «ቦሎ አላት እኮ!» አለ። አጎቴም «ቦሎው ሲለጠፍ ጣሪያ ነበራታ» አሉት።

እንደዚህ ዓይነት መኪና እንዳይሸጥባችሁ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ከፋብሪካ ክፍት ሆና የወጣች መኪና የበሮቿ መስታወት ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን የብረት ፍሬም የለውም፤ መስታወቱ ብቻውን ነው የሚወጣው የሚወርደው። የፊት መስታወቱን የሚይዙት ሁለት ቋሚዎች ወፍራም ናቸው፤ መኪናዋ ስትገለበጥ ሰው የሚተርፈው በእነሱ ነውና። ፋብሪካው ወለሉንም አጠናክሮ ብረት ስለሚጨምርበት ክፍቷ መኪና ባለጣሪያ ከሆነችው እኅቷ ብዙ ጊዜ ትከብዳለች። ሰው ጣሪያ ስለተነሣላት የቀለለች ይመስለዋል። ሊብሬውንም አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን አካሏ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካያችሁ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ ውጡ።

ሁለተኛዋ ሱሉልታ ነበረች። እሷ የፋብሪካ ናት፤ እንደ መጀመሪያዋ መኪናዬ ባለብረት ጣሪያ። ሻጩ ትሑት ሰው ነው፤ ብቻ የምገዛው እኔ ነኝ ብዬ ብነግረውም ዋጋውን የሚናገረው ለአጎቴ ነው፤ «እህቴ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ ቡና ይፈላልሽ» ይለኛል። መኪናዋ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄደችም አለ። ጣሪያዋ ሲከፈት ሲዘጋ ደግሞ እንደ ቅቤ ነው።

እሱና አጎቴ ስለ ሞተር ሲያወሩ እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ የኋላ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አየሁት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶታል፤ ይኼ አይገርምም፣ ሱሉልታ ነው። ቅጠሉን በጣቴ ስገልጠው ግን ወርቃማ ብልጭልጭ ወረቀት ወጣ። ሌላ ቦታ ብነካ ደግሞ ሮዝ። ይህን ወረቀት እኔ መርካቶ ሄጄ በኪሎ ነው የምገዛው! ሙሽሮች ላይ የሚበተነው ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላም አገኘ፦ በበር መያዣዎቹና በፊት ኮፈኑ ጫፍ ላይ ሪባን የተለጠፈበት የፕላስተር ምልክት፣ የኋላ ኮፈኑ መሐል ላይ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ስርጉድ። ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ያ ኮፈን ጣሪያውን የሚውጠው ኮፈን ስለሆነ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ማጠፊያውና መቆለፊያው ከመስመር ይወጣሉ። ወረቀቱን መዳፌ ላይ አድርጌ ለሻጩ ሳሳየው «አልፎ አልፎ ለዘመድ...» አለና ቡናውን አመካኘ።

ሰርግ የሠራች መኪና መጥፎ ናት እያልኩ አይደለም፤ የእኔም ሰርግ ልትሠራ ነው የምትገዛው። ግን ኑሮዋ የተለየ ነው። ጣሪያዋ በአንድ ቅዳሜ ሌላው ሰው በወር የማይከፍተውን ያህል ይከፈታል። በክላክስ ታጅባ በእግር ፍጥነት ስትሄድ ትውላለች፤ እንዲህ ያለው ጉዞ ፍሪሲዮን ይበላል፣ ሞተር ያሞቃል። ስለዚህ የሰርግ መኪና ከሆነች ሞተሯን አስነሥታችሁ ለብዙ ደቂቃ በቆመችበት አሠሯትና የራዲያተሩ ፋን በሰዓቱ መነሣቱን እዩ። የሚረጨው አረፋና የሚበተነው ወረቀት ደግሞ ሁሉም ውኃ መውረጃ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጣሪያውን በተመለከተ ከመጀመሪያዋ መኪና የተማርኩትን ልንገራችሁ። ያንጊዜ ስደርስ ጣሪያው ተከፍቶ ነበር የጠበቀኝ፤ ጸሐይ፣ የታጠበ ወንበር፣ ሙዚቃ። አንድ ጊዜ ዘግቶ አሳየኝና በቃኝ። አሁን ስደውል አስቀድሜ የምለው «እባክህ ጣሪያውን ዘግተህ፣ ሞተሩንም ሳታስነሣ ጠብቀኝ» ነው። ከደረስኩ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ጣሪያው ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ሦስት ጊዜ ይዘጋል፣ በተከታታይ። ሰከንዱን በስልክ እቆጥራለሁ። ጤነኛ የኤሌክትሪክ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን ልዩነቱን እዩ። የሱሉልታዋ በመጀመሪያው ዙር 24 ሰከንድ፣ በሦስተኛው 41 ሆነ፤ አንዱ ጎንም ከሌላው ቀድሞ ይነሣ ጀመር። ይህ ማለት ፓምፑ ደክሟል ወይም ዘይቱ ጎድሏል ማለት ነው። አጎቴ የኋላ ኮፈኑን የጎን ልብስ በካቻቢቴ ፈልቀቅ አድርገው እጃቸውን አስገቡ፤ ጣታቸው ዘይት ሆኖ ወጣ። የብዙዎቹ የሃይድሮሊክ ፓምፕ እዚያ አካባቢ ነው የሚቀመጠው፤ ማንጠባጠቡንም የሚያሳብቀው የልብሱ እድፍ ነው። ከላይ፣ የውስጥ መስታወቱ ባለበት አካባቢም ቀና ብላችሁ እዩ። በአንዳንዶቹ ጣሪያውን ከፊት የሚቆልፈው ፒስቶን እዚያ ስለሆነ ሲያንጠባጥብ ዘይቱ ሾፌሩ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሻጭ «ፊውዝ ብቻ ነው» ካላችሁ አትመኑ። ፊውዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ይቀይረው ነበር። አንድ እውነተኛ ሰበብ ግን አለ፦ በብዙዎቹ የኋላ ኮፈን ውስጥ ዕቃን ከጣሪያው የሚለይ መጋረጃ ወይም መከለያ አለ። እሱ በቦታው ካልተዘረጋ ጣሪያው አይንቀሳቀስም፤ ዕቃ እንዳይጨፈልቅ ነው። ባትሪው ከደከመም መሐል ላይ ይቆማል። እነዚህን ሁለቱን ካያችሁ በኋላም ካልሠራ ዋጋውን ጣሪያዋ እንደሞተች አድርጋችሁ ተደራደሩ። የእኔ የመጀመሪያዋ ፓምፕ የአራት ሰርግ ገቢ ዋጠ፤ ያውም ከዱባይ ሰው በሻንጣ እስኪያመጣልኝ ሁለት ወር ጠብቄ። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ የዚህ ዓይነቶቹ ቁጥር አይጨምርም፤ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ለቪትዝ እንደምታገኙት ፈርሳ የምትሸጥ እኅት መኪና አታገኙም።

ኤሌክትሪክ ይሁን ሃይድሮሊክ፣ አብዛኛው ጣሪያ ሲበላሽ በእጅ የሚዘጋበት መንገድ አለው። ሻጩን «በእጅ ዝጋልኝ» በሉት። መፍቻው የት እንዳለ የማያውቅ ከሆነ እናንተ መመሪያውን ፈልጋችሁ ሳትማሩ አትውሰዷት። በዚያ ግንቦት ሚዜዎቹ ከመግፋታቸው በፊት የፓምፑን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርገን ቢሆን ጣሪያው በሁለት ሰው እጅ ይወርድ ነበር። ክንዱን ያጣመመው የሚዜዎቹ ጉልበት ሳይሆን የእኔ አለማወቅ ነው።

የሚታጠፍ የብረት ጣሪያ የትናንት ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ፔጆ በ1930ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሠርቶታል፤ ፎርድ በ1957 ስካይላይነር በተባለው መኪናው ሞክሮ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ትቶታል። እንደገና በሰፊው የመጣው መርሴዲስ በ1996 ኤስ ኤል ኬን ካወጣ በኋላ ነው። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ሞክረው የተዉትን ነገር ለገጣፎ ላይ በአንድ ኤሌትሪሺያን አቆመዋለሁ ማለቴ ድፍረት ነበር። ስለዚህ ሦስተኛዋን ስንፈልግ ምርጫዬ ተቀይሮ ነበር፦ የሸራ ጣሪያ፣ የሚቻል ከሆነም በእጅ የሚታጠፍ።

እሷን ያገኘናት ገላን፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ነው። ባለአራት መቀመጫ የጀርመን መኪና፣ በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ጥቁር ሰማያዊ። ጣሪያዋ ሁለት መቆለፊያ ከፊት ፈትተህ ወደ ኋላ የምትወረውረው ሸራ ነው። ጣሪያውን የሚያነሣ ፓምፕ የላትም፣ ሞተርም የላትም። ዋጋዋ ከሱሉልታዋ ያነሰ ነበር፤ ሰው «ኤሌክትሪክ አይደለችም» እያለ ስለተዋት።

ሸራ የራሱ በሽታ አለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ጸሐዩ ባይሞቅም ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ የሸራውን ክር ያበሰብሳል፣ ቀለሙን ያነጣዋል። ሻጮች ደግሞ መድኃኒቱን ያውቁታል፦ የሊስትሮ ጥቁር ቀለም። ነጭ መሐረብ ውኃ ነክሬ ሸራውን አሸሁት፤ መሐረቤ ትንሽ ግራጫ ሆነ እንጂ አልጠቆረም። ከጠቆረ አዲስነቱ ከሊስትሮው ሳጥን የመጣ ነው። ቀጥሎ ሸራው የሚታጠፍባቸውን መስመሮች፣ በተለይ ከኋላ መስታወቱ ጎንና ጎን ያሉትን ጠርዞች በጣት ዳብሱ፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። ከውስጥ ሆናችሁ ጣሪያው ተዘግቶ ወደ ጸሐይ ቀና ብላችሁ እዩ፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የብርሃን ነጠብጣብ ካያችሁ ሐምሌ ላይ እሱ ነጠብጣብ ውኃ ነው። የኋላ መስታወቷ ፕላስቲክ ከሆነ ደብዝዞ ይሆናል፤ ጣሪያውን ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። የገላኗ መስታወት ስለነበር በዚህ ተረፍኩ። መስታወቱ ከሸራው ጋር የተጣበቀበትን ዙሪያ ግን ገፋ አድርጋችሁ እዩት፤ የእኔዋ አንድ ጥግ ላይ ተላቃ ነበር፣ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋ ሰው በአንድ ቀን አስተካከለልኝ።

ከሸራ የበለጠ የሚያስፈራኝ ውኃ ነው። ክፍት መኪና ባለጣሪያዋን ያህል ውኃ አትከለክልም፤ ገንቢዎቹም ያውቁታል። የሚገባው ውኃ ተሰብስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ታች እንዲወርድ ነው የሚሠሩት። ቱቦው ሲደፈን ውኃው መንገድ ያጣና ወደ ውስጥ ይገባል፦ ወደ ምንጣፉ ሥር፣ ወደ አግዳሚው ብረት ውስጥ፣ በአንዳንዶቹም የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ ወደተቀመጠበት ወለል። ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፤ የእሷ መውረጃዎች ከወንበሮቹ ኋላ ናቸው፣ ሲደፈኑ ከኋላ ጎማ ፊት ያለው አግዳሚ ይዝጋል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ብትሉ የሁሉም ግቢ አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል አለው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጭቃ ሳይሆን ጡብ ነው የሚሆኑት።

ስለዚህ ሻጩን ሽማግሌ ላቫጆ እንሂድ አልኳቸው፣ ወጪው በእኔ። ደስ ብሏቸው መጡ፤ ሰው መኪናው በነፃ ሲታጠብለት እምቢ አይልም። ከመታጠቧ በፊት ወለሉ ላይ፣ በአራቱም እግር ማስቀመጫ፣ ደረቅ ሶፍት ዘረጋሁ። ልጁ በከፍተኛ ግፊት እንዳይረጭ፣ ዝም ብሎ እንደ ዝናብ ለአሥር ደቂቃ ከላይ እንዲያፈስባት ነገርኩት፤ የግፊት ማጠቢያ አዲስ ሸራንም ያልፋል፣ እሱ ፈተና አይሆንም። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ጆሮዬን አቆምኩ። የግራው መስታወትና ሸራው የሚገናኙበት ጎማ ላይ ሦስት አራት ጠብታ ወረደ። ሶፍቶቹ ግን ደረቅ ናቸው። ከታችም ውኃው በአራቱ መውረጃ ይፈሳል። ለእንደዚህ ያለ ዕድሜ ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ምንም አታፈስም የሚል ሻጭ ይዋሻል።

ከዚያ ምንጣፉን ገለጥን። ምንጣፉን ማየት አይበቃም፤ ሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨምቁት፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ወራት እርጥብ ሆኖ ይኖራል። የስኮርታ ጎማውን አንሡና ጉድጓዱን እዩ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት፤ ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውኃው እስከየት ደርሶ እንደነበር ይነግራችኋል። ደግሞ በሮቿን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ስትከፍቱ አፍንጫችሁን አስቀድሙ። ሽቶ ከሸተታችሁ ከሻጋታው የባሰ ተጠራጠሩ።

ቱቦው ተደፍኖ ካገኛችሁት በሽቦ አትውጉት፤ ቱቦውን ትበሱታላችሁ ወይም ከመጋጠሚያው ታወጡታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውኃ በሙሉ አካሏ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጎሚስታ ጋር ወስደው በኃይለኛ አየር የሚነፉትም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ቀጭንና ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ እያላችሁ አስገቡ፣ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩበት።

አጎቴ የወደዱት ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ከአሮጌ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አስሄዱት። ብረት ሲሆን ይይዛል፤ ስቱኮ ሲሆን ይወድቃል። በቀኝ በኩል የጣት ርዝመት ያህል ቦታ ላይ ወደቀ። ሌላው ሁሉ ይዟል። (አንዳንድ መኪና የፊት ኮፈኑ አሉሚኒየም፣ ፓራፋንጎው ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ ላይ ማግኔቱ ባይዝ አትደንግጡ።) ከዚያ ክሪክ አስገብተው፣ ጣሪያው ተከፍቶ፣ ቀኙን የፊት ጎማ ከመሬት አነሡና በሩን ክፈቺው ዝጊው አሉኝ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ድምፁ አልተቀየረም። በበሩና በአካሏ መካከል ያለው ክፍተትም ከላይና ከታች እኩል ነው። «አጥንቷ ደህና ነው» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ሲወጣ የሰማሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው። ስለ ስቱኮው ሽማግሌውን ስንጠይቃቸው ኮብልስቶን ጠርዝ ላይ እንደወጣችባቸው አልደበቁም።

ኮብልስቶን ካልኩ አይቀር፣ ለዚህ ዓይነቷ መኪና ከኮብልስቶን የተሻለ መመርመሪያ የለም፤ የሰፈራችን መንገድ ሁሉ እሱ ስለሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመን። ጣሪያውን ከፍታችሁ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንዷት። የፊት መስታወቱ ፍሬምና የውስጥ መስታወቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክፍት መኪና ሁሉ እንዲህ ነው። መሪው እጃችሁ ላይ ከተርገፈገፈ፣ ክሩስኮቱ ከጮኸ፣ በሩ በመቆለፊያው ላይ ከተንገጫገጨ ግን ወገቧ ለቋል። ጣሪያውን ዘግታችሁ ያንኑ መንገድ ድገሙት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ከሆነ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት ሸራው ነው ማለት ነው። እኛ ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌ መንገድም ሰማንያ ድረስ ነዳናት። ሸራው እንደ ፊኛ አልተነፋም፤ የነፋሱ ፉጨት ያው ላቫጆ ላይ ውኃ ያስገባው የግራው ጎማ ጋር ነው። ጎማውን በኋላ አስቀየርኩት።

ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑን፣ አሞርዛተሩን እንደማንኛውም መኪና ታዩታላችሁ፤ ስለሱ የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ወረቀቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ የመጀመሪያዋን የገዛሁት በውክልና ነበርና። ሻጩ ባለሊብሬው አልነበረም፤ ሰውየው ውጭ አገር ነው፣ ውክልና ሰጥቶኛል አለ። እኔም ስም ሳላዛውር ነዳኋት። ልሸጣት ስል ውክልናው መሸጥን እንጂ ሌላ ሰው መወከልን አይፈቅድም ተባለ፤ ያንን ሻጭ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አስቡት፣ ወካዩ በመሐል ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞት ነበር። የገላኑን ሽማግሌ ግን ከነባለቤታቸው ውልና ማስረጃ ይዘናቸው ሄድን፤ ባለቤታቸው ባይፈርሙ ነገ ልጆቻቸው የእናታችን ድርሻ ቢሉ መልስ የለኝም። ከዚያ በፊት ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደን ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን አረጋገጥን። ክፍት መኪና በኤምባሲ ሠራተኛ ወይም ከውጭ በተመለሰ ሰው ገብታ ሊሆን ስለሚችል ቀረጥ የተከፈለባት መሆኗን በዲክላራሲዮኗ፣ ማለትም በጉምሩክ ወረቀቷ፣ እዩ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነ ስም ለማዛወር ቀረጡን የምትከፍሉት እናንተ ትሆናላችሁ። እንደ እኔ ለሥራ የምታውሏት ከሆነም ታርጋዋ ለንግድ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኢንሹራንሱም ያንኑ ይከተላል።

ዋጋ ላይ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። የስቱኮውን፣ የተላቀቀውን ጥግና የግራውን የመስታወት ጎማ በወረቀት ጽፌ፣ የእያንዳንዱን የጥገና ዋጋ ከሦስት ባለሙያ ጠይቄ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና የስቱኮውን አልቀበልም፣ ሌላውን ልቀንስ አሉ። ተስማማን። ውሉ ካለቀ በኋላ የግል ዕቃቸውን ከኋላ ኮፈን ሊያወጡ ግቢያቸው ድረስ አብረን ሄድን። ክሪኩን ተዉት፣ ስኮርታውን ተዉት፣ መፍቻውን ለእኔ ሰጡኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ አወጡና «ይሄ የእኔ ነው» ብለው ብብታቸው ሥር ከተቱት። አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉላት እንጂ፣» አሉ፤ «እሱ እኮ ከመኪናዋ ጋር ነው የሚሸጠው።»